የማር ደኅንነት ክትትል ከማሳ ይጀምራል
ምዕራብ ሸዋ ከርጭት እስከ ማር ባልዲ

አምቦ፦ መስከረም ሲጠባ ከጊንጪ እስከ ጌዶ ያለው የምዕራብ ሸዋ ደጋና ወይናደጋ ቢጫ ይለብሳል። አደይ አበባና መጭ በየድንበሩና በየመስኩ ይፈነዳሉ፤ ኑጉም ከእነሱ ኋላ ይከተላል። ለንብ አናቢው ይህ የዓመቱ ዋና ተስፋ ነው። ንቦች በእነዚህ ሳምንታት ከአበባ ቀስመው የሚያስገቡት ወለላ በኅዳርና በታኅሣሥ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ገበያ የሚታየው ማር ይሆናል።

በዚሁ ጊዜ የጀርባ መርጫም ሥራ አይፈታም። በጤፍና በስንዴ ላይ በክረምቱ የተጀመረው የፀረ-አረም ርጭት ጭራው እስከ መስከረም ይደርሳል። ስንዴ ላይ ዋግ ከታየ ፀረ-ፈንገስ፣ ጥራጥሬ ላይ ትል ወይም ክሽክሽ ከታየ ፀረ-ነፍሳት ይከተላል። በባኮና በኢሉ ገላን በኩል ያለው የበቆሎ አብቃይ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገር የገባው መጤ ተምች ሌላ የርጭት ምክንያት ጨምሮበታል። በወንዝ ዳር ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች በመስኖ የሚያለማው ገበሬ በጋውም ዕረፍት የለውም። አበባና ኬሚካል በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ። ንቧ ደግሞ የትኛው ማሳ እንደተረጨ አታውቅም።

ርጭት በንብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዓይን ይስባል። በጠዋት የቀፎው ደጃፍ በሞቱ ንቦች ተነጥፎ ይገኛል፤ የተረፉት ይንቀጠቀጣሉ፤ መንጋው ይሳሳል፤ ሲብስም ቀፎው ባዶውን ይቀራል። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በአማራ ክልል በተመረጡ ወረዳዎች ፀረ-ተባይ በንብ ሀብት ላይ የሚያደርሰውን ኢኮኖሚያዊ ጉዳት አጥንተው ውጤቱን አሳትመዋል። በየስብሰባው የሚነሣውም ይኸው የንብ ሞት ነው። መንጋው ባይሞትስ? ንቧ ከተረጨ ማሳ ደርሳ በደኅና ብትመለስ ይዛው የገባችው ነገር የት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከንብ አናቢው አልፎ ማሩን በሚበላውና በሚገዛው ሰው ላይም የሚያርፍ ነው። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ አውሮፓ ወደብ ድረስ የሚዘልቅ መዘዝም አለው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ማሯን ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ ማቅረብ እንድትችል ከተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር የገባችው በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ነው። ፈቃዱ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። አገሪቱ በየዓመቱ ማሯን በዕቅድ መርምራ የኬሚካል ቅሪትና በካይ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት ማሳየት አለባት። ያለፈው ዓመት የምርመራ ውጤትና የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ በየዓመቱ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ ለኅብረቱ ኮሚሽን መድረስ ይኖርበታል። ዕቅዱ ካልቀረበ፣ ወይም ቀርቦ አሳማኝ ካልሆነ፣ አንድም ጥፋት ያልተገኘበት ማር ሳይቀር በሩ ይዘጋበታል።

ብራዚል የገጠማት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 የአውሮፓ ኅብረት የብራዚልን ማር አገደ። ምክንያቱ የአገሪቱ የቅሪት ክትትል ሥርዓት ከኅብረቱ መመዘኛ ጋር አለመመጣጠኑ ነበር። ገበያው እስኪከፈት ሁለት ዓመት ፈጀ። የቻይና ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ማሯ የታገደው ክሎራምፌኒኮል የተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ስለተገኘ ነው። ህንድም እ.ኤ.አ. በ2010 በፀረ-ባክቴሪያ ቅሪትና በከባድ ብረቶች ምክንያት ተመሳሳይ ዕገዳ ደርሶባታል። ሦስቱም በዓለም የማር ገበያ ትልቅ ስም ያላቸው አገሮች ናቸው። በሦስቱም አገሮች ኪሳራው ጥንቃቄ ያደረገውን ንብ አናቢ ካላደረገው ሳይለይ መትቷል፤ ዕገዳ የሚጣለው በአገር ላይ እንጂ በአንድ ቀፎ ላይ አይደለምና።

የመጠኑ ነገር ለገበሬው ግልጽ ካልሆነ የሚጋነን ሊመስለው ይችላል። ለብዙዎቹ ፀረ-ተባዮች በአውሮፓ ኅብረት ማር ውስጥ የሚፈቀደው ጣሪያ በኪሎ ግራም 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡ በቀላሉ ይሠራል። አንድ ግራም፣ ማለትም በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚያዝ የኬሚካሉ ንጥር፣ 20 ሺህ ኪሎ ግራም ወይም 200 ኩንታል ማር እስከ ጣሪያው ድረስ ለማድረስ ይበቃል። በክሎራምፌኒኮል ላይ ያለው ቁጥጥር ደግሞ ከዚህም በብዙ ይጠብቃል፤ በኪሎ ግራም 0.15 ማይክሮ ግራም ከተገኘ ማሩ ውድቅ ነው። ለእርሳስ የተቀመጠው ጣሪያ በኪሎ ግራም 0.10 ሚሊ ግራም ነው። በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በርሜል ውስጥ የሃያ ሰው ማር ተቀላቅሎ ከሆነ፣ የአንዱ ባልዲ ጥፋት የአሥራ ዘጠኙን ያበላሻል ማለት ነው።

ቅሪቱ ወደ ማሩ የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ከማሳ አይነሣም። ከማሳው እንጀምር።

ንብ ለምግብ ፍለጋ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ መሄዷ የተለመደ ነው፤ ካጣችም ከዚያ ትርቃለች። ቀፎውን መሐል አድርጎ ሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ቢለካ ከ2,800 ሄክታር በላይ መሬት ይሆናል። ይህ በብዙ ማሳዎችና በብዙ ባለይዞታዎች ላይ ያርፋል፤ የቀበሌ ድንበርንም ይሻገራል። ስለዚህ ንብ አናቢው በራሱ ማሳ ላይ ጠብታ ኬሚካል ሳይረጭ ማሩ ቅሪት ሊገኝበት ይችላል። ዕድሉ የሚወሰነው በጎረቤቱ እጅ ነው።

ንቧ ራሷ በተወሰነ ደረጃ ማጣሪያ መሆኗን ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ጠንካራ ፀረ-ነፍሳት ያገኘቻት ንብ አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ ወይም በቀፎው ደጃፍ ትሞታለች፤ የያዘችው ወለላም ከእንጀራው አይደርስም። ለዚህ ነው በማር ውስጥ የሚገኘው ቅሪት ብዙ ጊዜ በሰምና በጽጌ ብናኝ ውስጥ ከሚገኘው ያነሰ የሚሆነው። ንቧን ቶሎ የማይገድሉት፣ ማለትም ፀረ-አረሞችና ፀረ-ፈንገሶች፣ ግን ይህን ማጣሪያ ያልፋሉ። ገበሬው ቱ-ፎር-ዲን «ለአረም ብቻ ነው» ብሎ በልበ ሙሉነት ይረጨዋል፤ አበባ በያዘ አረም ላይ ከሆነ ግን ወለላው ከነኬሚካሉ ተቀስሞ ቀፎ ሊገባ ይችላል። በዱቄት መልክ የሚነሰነሱ ፀረ-ነፍሳት ደግሞ ከሁሉም ይከፋሉ። እንደ ጽጌ ብናኝ በንቧ ጠጉር ላይ ተለጥፈው እስከ እጮቹ ድረስ ይዘልቃሉ።

ሰሙ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙዎቹ ፀረ-ተባዮች ከውኃ ይልቅ በስብ ውስጥ የሚሟሙ ናቸው፤ ሰም ደግሞ ስብ ነው። በዚህም ምክንያት ኬሚካሉ በሰሙ ውስጥ ይከማቻል። ሰም በ60ዎቹ ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ይህ ሙቀት ቅሪቱን አያጠፋውም። አሮጌ እንጀራ ቀልጦ በማተሚያ ተጠፍጥፎ ለዘመናዊ ቀፎ ፍሬም ሲሠራ ያለፈው ዓመት ቅሪት ከዘንድሮው መንጋ ጋር ይተዋወቃል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የሰም ንጣፍ ከገበያ መግዛት በዚህ በኩል ጉዳት አለው፤ ባለሙያዎች በየጥቂት ዓመቱ የጠቆረውን እንጀራ ከቀፎ ማውጣትን የሚመክሩትም ለበሽታ ብቻ ብለው አይደለም።

በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚቆዩም አሉ። ዲዲቲ በኢትዮጵያ ለወባ መከላከያ በቤት ውስጥ ሲረጭ የቆየ ሲሆን አዳሚ ቱሉ በሚገኘው ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። ለወባ መዋሉ ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁንና ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ የቅሪት ምርመራ ዛሬም ስሙን ከዝርዝሩ አላወጣም። በየመጋዘኑ ተረስቶ የቀረ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካልም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው።

ከማሳው ይልቅ በንብ አናቢው በራሱ እጅ ያለው ጥፋት ለማረም ይቀላል። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ማር አሲድነት ያለው ምግብ ነው። በዛገ ቆርቆሮ ወይም በዚንክ በተለበጠ ዕቃ ሲቀመጥ ብረቱን እየበላ ወደ ራሱ ይስባል። የኬሚካል ጀሪካን ታጥቦ ለማር ሲውል ደግሞ የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩ ኬሚካሉን ስለሚጠጣ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ አይጠራም። በገጠሩ ባዶ የኬሚካል ዕቃ ለውኃ፣ ለዘይትና ለእህል መዋሉ የታወቀ ችግር ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ማሩ ይለያል፣ ለወራት ሳይነካ ተቀምጦ ይቆያልና። ለምግብ ተብሎ የተሠራ ክዳን ያለው ባልዲ መጠቀም ወጪው ትንሽ ነው። ባዶው የኬሚካል ዕቃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ ውኃው ወደ መርጫው ተመልሶ፣ ከዚያ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ መሆን አለበት።

የቀፎ ተባዮችም አሉ። ጉንዳን፣ ምስጥና የሰም ትል ሲያስቸግሩ ለሰብል የተገዛውን ፀረ-ነፍሳት ቀፎው ሥር መርጨት የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልግም፤ ነፍሳትን የሚገድል ነገር ንብንም ይገድላል። ለጉንዳን በመቆሚያው እግር ዙሪያ አመድ መነስነስ፣ ቀፎውን ከመሬት ከፍ ማድረግና ሣሩን ማጨድ ይበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ ካሉ ከቀፎው አካል ማራቅ አለባቸው። የማጨሻውም ነገር እንዲሁ ነው። ደረቅ ኩበትና የበሰበሰ እንጨት ጭሱ ደኅና ነው፤ ፕላስቲክ፣ ዘይት የነካው ጨርቅ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ግን በማሩ ላይ የሚያርፍ በካይ ጭስ ያወጣል። ቀፎ ቀለም የሚቀባም በውጭ በኩል ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ማር በዓለም ገበያ ያለው ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ይገኛል። ቫሮዋ የተባለው የንብ ተባይ በአገራችን መኖሩ ተረጋግጧል፤ ያም ሆኖ ንብ አናቢው እንደ ሌሎች አገሮች ቀፎ ውስጥ መድኃኒት የማስገባት ልማድ የለውም። መንጋዎቹ በአብዛኛው በራሳቸው ተቋቁመው ይኖራሉ። ቻይናንና ህንድን የጣላቸው የፀረ-ባክቴሪያ ችግር ወደ እኛ ሰፊ በር አላገኘም። በሩ እንዲከፈት የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ መንጋው ሲደክምበት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ወይም ለሰው ከተሠራ ካፕሱል ላይ ቴትራሳይክሊን በስኳር በጥብጦ የሚያጠጣ አንድ ሰው በቂ ነው። የንብ በሽታ የጠረጠረ አናቢ ናሙናውን በልማት ሠራተኛ በኩል ለባለሙያ ማሳየት ይኖርበታል።

ለዚህ ምዕራብ ሸዋ ከብዙ ዞኖች የተሻለ ጎረቤት አለው። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። አምቦ ከተማ ውስጥ ደግሞ በአረም፣ በተባይና በሰብል በሽታ ምርምር በአገር ደረጃ የታወቀው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል አለ። አንደኛው ንቡን፣ ሁለተኛው ኬሚካሉን ያውቃል። አምቦ ዩኒቨርሲቲም በግብርና ትምህርቱ የቆየ ስም ያለው ተቋም ነው። ሦስቱን ተቋማት ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር በአንድ የርጭትና የማር መቁረጫ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማገናኘት ከመኪና ጉዞ የዘለለ ወጪ የሚጠይቅ አይመስልም።

የናሙናው አወሳሰድ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። በአውሮፓ ኅብረት ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ስሌት መሠረት ለመጀመሪያው 3,000 ቶን ዓመታዊ ምርት በየ300 ቶኑ 10 ናሙና፣ ከዚያ በላይ ላለው በየ300 ቶኑ አንድ ናሙና ይወሰዳል። ለምሳሌ 30 ሺህ ቶን የሚያመርት አገር 100 እና 90፣ በድምሩ 190 ናሙና ያስመረምራል ማለት ነው። ግማሹ ለፀረ-ባክቴሪያና ካርባሜትና ፓይሬትሮይድ ለሚባሉት ፀረ-ነፍሳት፣ 40 በመቶው ለእነ ዲዲቲ ወገን፣ ለእነ ማላታዮን ወገንና ለከባድ ብረቶች፣ የቀረው 10 በመቶ እንደየአገሩ ሁኔታ ይደለደላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ አሠራር በአዳዲስ ደንቦች ተተክቷል፤ አገሮች ሥጋታቸውን ራሳቸው መዝነው ዕቅዳቸውን እንዲያዘጋጁ የሚጠይቅ ነው።

በምሳሌው ያለው 190 ናሙና በአማካይ ለ1,580 ኩንታል ገደማ አንድ ናሙና ይደርሰዋል። ብዙ አይደለም። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው ዕጣ በማውጣት ሳይሆን ችግር ይኖርበታል ተብሎ ከሚጠረጠርበት ቦታ ነው፤ መስኖ አትክልት ከሚለማበት፣ ሰፋፊ የስንዴና የበቆሎ ማሳ ካለበት፣ ከአበባ እርሻ አጠገብ፣ ከዋና መንገድ ዳር። ናሙና የሚወስደው ሻጩ ራሱ ሳይሆን ኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያ ነው። ናሙናው ታሽጎ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከማን፣ ከየት ቀበሌና መቼ እንደተወሰደ ይመዘገባል። ቅሪቱ ከጣሪያ በላይ ከተገኘ ሥራው ገና ይጀምራል። ባለሙያው ወደ ቀበሌው ተመልሶ ምንጩን መፈለግ አለበት፤ ማን ረጨ፣ ምን ረጨ፣ ከየት ገዛ የሚለው ይጣራል። የዚህ ሁሉ መሠረት ምዝገባ ነው። በገበያ ላይ ከአሥር ሰው ተሰብስቦ በአንድ በርሜል የተገለበጠ ማር ምንጩ አይገኝም፤ መመለሻም የለውም።

እስካሁን ያነሣነው ወደ ውጭ የሚላከውን ነው። ወደ ውጭ የሚሄደው ግን ከጠቅላላው ምርት ጥቂቱ ነው። የኢትዮጵያ ማር አብዛኛው ከነሰፈፉ ወደ ጠጅ ይሄዳል፤ በምዕራብ ሸዋም «ዳዲ» የሚባለው የማር መጠጥ ከሠርግና ከበዓል አይቀርም። ጠጅ ጣይ ማሩን ስትገዛ የምታየው ቀለሙን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ነው። የኬሚካል ቅሪት ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። ክብሪት አንሥቶ መሞከር፣ ውኃ ላይ ማንጠባጠብ፣ ወረቀት ላይ ማፍሰስ የሚባሉት የገበያ ሙከራዎች ስኳር የተቀላቀለበትን ማር እንኳ በእርግጠኝነት አይለዩም፤ ለቅሪት ደግሞ ጭራሽ አይሠሩም። እናም ለጀርመን ወይም ለኖርዌይ ሸማች የሚደረገው ጥንቃቄ ለአምቦና ለጉደር ሸማች በምን ይተካል የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። ናሙና የሚወሰደው ለወጪ ንግድ ሲባል ብቻ ከሆነ፣ የአገር ውስጥ ሸማቹ የሚጠበቀው በአጋጣሚ ነው ማለት ይሆናል።

ሕጉ አለ። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002፣ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ እንዲሁም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እያንዳንዳቸው የዚህን ጉዳይ አንድ ጫፍ ይይዛሉ። በ674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ለገበያ ሊቀርብ አይገባም፤ የምዝገባው ሥራ ዛሬ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። በገበያ ቀን ከጨውና ከሳሙና ጎን በትንንሽ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጠው ኬሚካል ግን መለያ ጽሑፍም፣ የአጠቃቀም መመሪያም፣ የአደገኛነቱን ደረጃ የሚያሳየው ባለቀለም መስመርም አይኖረውም። ቀዩ መስመር እጅግ መርዛማ፣ አረንጓዴው ጉዳቱ አነስተኛ መሆኑን ገበሬው ሊያውቅ የሚችለው ዕቃውን ከነመለያው ካገኘው ብቻ ነው። የወረዳ ባለሙያዎች ሌላ ምንም ባይችሉ ይህን ንግድ በገበያ ቀን ወጥተው ማየት ይችላሉ።

ርጭቱን ማስቆም ማንም የሚጠይቀው አይደለም። አረም ያልታረመበት ጤፍና ዋግ የበላው ስንዴ ማለት የቤተሰብ ቀለብ ማጣት ነው። የሚፈለገው ሰዓቱንና ወሬውን ማስተካከል ነው። ንቦች ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለሥራ ይወጣሉ፤ ከመምሸቱ በፊት ይመለሳሉ። አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ ባልበዛበት የተደረገ ርጭት ለሰብሉ ያው ነው፤ ለንቡ ግን የሌሊቱን ዕረፍት ይሰጠዋል። አበባ በያዘ ሰብል ላይ ፀረ-ነፍሳት አለመርጨት፣ የማሳውን ድንበር አደይና መጭ ሳይነኩ መተው፣ መርጫን ንብ ውኃ በሚጠጣበት ምንጭ ወይም ቦይ ዳር አለማጠብም ወጪ የላቸውም። ወሬው ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሊረጭ ያሰበ ገበሬ ከሁለት ቀን በፊት በቀበሌው ካስነገረ፣ ንብ አናቢው ማታ ላይ ቀፎውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ውኃና መኖ አዘጋጅቶ ሊቆይ ይችላል። ይህ ለአንድ ቀን ብቻ እንጂ ለሳምንት የሚሆን አይደለም፤ መንጋው ይታፈናል።

ለማስነገር ግን ለማን እንደሚነገር መታወቅ አለበት። ቀፎ ያለው ማን ነው? ስንት ቀፎ አለው? የት ነው ያቆመው? በየቀበሌው ይህን የሚመልስ መዝገብ መኖር የዕርዳታ ገንዘብ የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማር ከወተት፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር ተሰልፏል። ቀፎ በብዛት መታደሉ መልካም ነው፤ የሚሰጠው ቀፎ ቁጥርና የሚቆምበት ቦታ አብሮ ካልተመዘገበ ግን ወረዳው በኋላ የሚያውቀው ያከፋፈለውን ብዛት እንጂ ማሩ ከየት እንደመጣ አይሆንም። የልማት ሠራተኛው የሰብል ባለሙያ ሆኖ ጠዋት ርጭት ሲያዝ፣ ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ባለሙያው ስለ ንብ ሲመክር ሁለቱ ካልተነጋገሩ ምክራቸው ማሳው ላይ ይጋጫል። በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር ላሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ይህ ከባድ ሊሆን አይገባም።

ከቅሪት ውጭ ያሉትን የጥራት መመዘኛዎች በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት የማር ውኃ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ያልታሸገ እንጀራ የቆረጠ አናቢ እዚህ ላይ ይወድቃል። ማር በእሳት ላይ ሲሞቅ ኤችኤምኤፍ የተባለ ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ ጣሪያው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ከሞቃታማ አካባቢ ለሚመጣ ማር 80 ነው። በማር ማቆሪያ ወቅት ስኳር የተመገበ መንጋ ማሩ የሱክሮስ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ለአብዛኛው ማር ጣሪያው 5 በመቶ ነው። የስኳር መኖ ለችግር ጊዜ እንጂ ለአበባ ወቅት አይደለም። ማጭበርበር የእኛ ብቻ ችግር አለመሆኑን ግን ማወቅ ደግ ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ወደ ኅብረቱ ከገቡ 320 የማር ናሙናዎች 147ቱ ባዕድ ስኳር ተቀላቅሎባቸዋል ተብለው ተጠርጥረዋል። ንጹሕ ማር ያለው አገር በዚህ ገበያ ቦታ የሚያጣ አይመስልም። ንጽሕናውን ማሳየት ከቻለ ነው እንጂ።

አንድ የጤና ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ይነገር። ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። በውስጡ ሊኖር የሚችለው የባክቴሪያ ዘር ለአዋቂ ምንም ባያደርግም የሕፃን አንጀት አይችለውም።

የኅዳሩ ማር ሲቆረጥ በየማኅበሩ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። እያንዳንዱ አናቢ የሚያመጣው ባልዲ ላይ ስሙ፣ ቀበሌውና የቆረጠበት ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ከጥቁር አሮጌ እንጀራ የወጣው ለብቻ ይሁን። ማኅበሩ ሳይቀላቅል ከየባልዲው በንጹሕ ጠርሙስ ጥቂት አስቀርቶ፣ አሽጎ፣ ጥላ ባለበት ቦታ እስከ ሽያጩ ማብቂያ ያቆየው፤ ገዢ ወይም ተቆጣጣሪ ጥያቄ ቢያነሣ መልሱ ከዚያ ይገኛል። ሁለተኛው የማር ወቅት በግንቦትና በሰኔ የሚቆረጠው ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ወራት የመስኖ አትክልት የሚረጭባቸው ስለሆኑ፣ የርጭቱ ምዝገባ በወንዝ ዳር ቀበሌዎች ከጥር ወር መጀመሪያ አንሥቶ ክፍት መሆን ይኖርበታል።